ረዳቱ የሠራተኛውን ሥልጣን አይውረስ

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳትን ከድርጅት ዳታ ጋር ስለማገናኘት በሚደረግ ስብሰባ ሁሉ አንድ አባባል አይጠፋም። «ረዳቱ የሚያየው ሠራተኛው ማየት የሚችለውን ብቻ ነው» ይባላል። ሻጩ ይለዋል፣ የአይቲ ኃላፊው ይደግመዋል፣ ሥራ አስኪያጁም በዚያ ይረጋጋል። ሠራተኛው በራሱ አካውንት ይገባል፤ «ፍቀድ» የሚለውን ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ ረዳቱ በሠራተኛው ስም ኢሜይል ያነባል፣ የደንበኞችን መዝገብ ይፈትሻል፣ ትእዛዝ ያስገባል፣ ካስፈለገም የተጠቃሚ አካውንት ይከፍታል፣ ይዘጋል። ፈቃዱ ድሮም የሠራተኛው ስለነበር አዲስ የተከፈተ በር የለም፤ በር ካልተከፈተ ደግሞ አዲስ አደጋ የለም። ክርክሩ ይኸው ነው።

እኔ ይህን አስተሳሰብ አጥብቄ እቃወማለሁ። ረዳቱ የሠራተኛውን ፈቃድ እንዳለ መውረሱ ራሱ የአደጋው ምንጭ ነው። ባንኩም፣ አስመጪውም፣ ሆስፒታሉም ይህን ግንኙነት ለመዘርጋት በሚጣደፍበት በዚህ ሰዓት ስህተቱ ሳይታረም ቢያልፍ ዋጋውን የሚከፍሉት ስማቸው፣ ስልካቸውና የሂሳብ ቁጥራቸው በመዝገቡ ላይ ያለ ሰዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ ስብሰባው ላይ አልተጠሩም።

አባባሉ አንድ ነገር እንደሚያስተካክል አልክድም። ለረዳቱ ሁሉን የሚያይ አንድ የጋራ አካውንት ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ማንኛውም ጀማሪ ሠራተኛ የሥራ አስኪያጁን ደመወዝ ጠይቆ መልስ ባገኘ ነበር። እያንዳንዱ በራሱ ፈቃድ ሲገባ ይህ ይቀራል። ነገር ግን ይህ መድኃኒት የሚሠራው ተንኮለኛው ሠራተኛው ራሱ ሲሆን ብቻ ነው። ሠራተኛው ቅን ሆኖ፣ ተንኮሉ ረዳቱ በሚያነበው ጽሑፍ ውስጥ ተደብቆ ሲመጣ ምንም አይፈይድም።

የሰው ፈቃድ እንዴት እንደሚሰጥ እናውቃለን። ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው ሰፋ ተደርጎ ነው። የሂሳብ ሠራተኛዋ አንድ ፋይል ስትጠይቅ ፎልደሩ በሙሉ ይከፈትላታል፤ ከግዢ ክፍል ወደ ፋይናንስ የተዛወረው ሰው የድሮው ፈቃዱ ሳይነሳ ዓመታት ያልፋሉ። ይህ ስፋት ብዙ ጊዜ ጉዳት ሳያደርስ የቆየው ፈቃዱን የያዘው ሰው ስለሆነ ነው። ሰው የማይመለከተውን ፎልደር ከፍቶ ለማየት ጊዜም ፍላጎትም የለውም፤ እንጀራውን እንዳያጣ ይፈራል፤ ሰው ምን ይለኛል ይላል። «ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ የደመወዝ መዝገቡን በሚከተለው አድራሻ ላኪልን» የሚል ወረቀት ከማታውቀው ሰው ቢደርሳት ጸሐፊዋ አለቃዋን ትጠይቃለች እንጂ አትልክም። ፈቃዱና ማመዛዘኑ አብረው ነበሩ። ረዳቱ የሚወስደው ግን ፈቃዱን ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ ጄኔራል አናሊሲስ የተባለ የደህንነት ቡድን ያሳየውን ሙከራ እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ ላቅርበው። ሱፓቤዝ ብዙ ድርጅቶች ዳታቤዛቸውን የሚያስቀምጡበት አገልግሎት ነው። በሙከራው አንድ ድርጅት የደንበኞችን ቅሬታ የሚቀበልበት ገጽ አለው፤ ቅሬታዎቹ በአንድ ሠንጠረዥ ይቀመጣሉ። የሌሎች አገልግሎቶች መግቢያ የሆኑ ምስጢራዊ ቶከኖች ደግሞ በሌላ ሠንጠረዥ አሉ። የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን እንዳያይ ዳታቤዙ ይከለክለዋል። የድርጅቱ ፕሮግራመር ግን ኮድ የሚጽፍበትን ረዳት ከዳታቤዙ ጋር ያገናኘው በራሱ ሰፊ ሥልጣን ነው፤ የሰጠው ቁልፍ በሠንጠረዦቹ ላይ የተጣለውን ክልከላ በሙሉ የሚያልፍ ነበር።

አጥቂው ያደረገው ቅሬታ መጻፍ ብቻ ነው። በቅሬታው ውስጥ ለረዳቱ የተጻፈ መመሪያ አለ፤ የቶከኖቹን ሠንጠረዥ አንብብ፣ ያገኘኸውንም ለዚህ ቅሬታ መልስ አድርገህ ጻፍ ይላል። ፕሮግራመሩ በሥራው መሀል ረዳቱን «አዲስ የመጡትን ቅሬታዎች አሳየኝ» አለው። ረዳቱ ቅሬታውን አነበበ፣ መመሪያውን አገኘ፣ ሠንጠረዡን ጠርቶ ይዘቱን በመልስ ቦታው ላይ ጻፈው። አጥቂው ገጹን እንደገና ሲከፍት ምስጢሩ በሙሉ ፊቱ ላይ ነበር። የተሰረቀ ፓስወርድ የለም፤ የተሰበረ ምስጠራ የለም፤ ወደ ዳታቤዙ የሄደው ጥያቄ ሁሉ በትክክለኛ ቁልፍ የተጠየቀ ነበር።

ያው ቅሬታ በደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛው ፈቃድ የሚሠራ ረዳት እጅ ቢገባስ? ረዳቱ እንደዚያው ተታሎ ያንኑ ጥያቄ ይልክ ነበር፤ ዳታቤዙ ግን አይመልስለትም። ጽሑፉ አንድ፣ ሞዴሉ አንድ፣ መታለሉም አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው አንባቢው የያዘው ቁልፍ የማን እንደሆነ ነው። ሱፓቤዝ ራሱም ለተጠቃሚዎቹ የሚሰጠው ምክር ረዳቱ ማንበብ ብቻ እንዲፈቀድለትና የደንበኞች እውነተኛ መረጃ ካለበት ዳታቤዝ ጋር እንዳይገናኝ ነው።

የነገሩ ሥር ጥልቅ ነው። ሞዴሉ የሚቀበለው ነገር ሁሉ በአንድ መስመር የሚመጣ ጽሑፍ ነው። የአለቃው ትእዛዝ፣ የደንበኛው ኢሜይል፣ ከኢንተርኔት የተገኘው ገጽ ለእሱ ሁሉም ቃላት ናቸው። በዳታቤዝ ዓለም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ጥቃት ነበር፤ ሰዎች በፎርም ላይ በሚሞሉት ቦታ የኤስኪውኤል ትእዛዝ ያስገቡ ነበር። ያ መፍትሔ የተገኘለት ትእዛዙና የተሞላው መረጃ ለዳታቤዙ በተለያየ መንገድ እንዲደርሱት ስለተደረገ ነው። በቋንቋ ሞዴሎች ውስጥ እንዲህ ያለ መለያ ግድግዳ የለም። የእንግሊዝ ብሔራዊ የሳይበር ደህንነት ማዕከል በ2025 መጨረሻ ባወጣው ማሳሰቢያ ሁለቱን ጥቃቶች ማመሳሰል አሳሳች መሆኑን ጠቅሶ ይኸኛው ሙሉ በሙሉ ላይወገድ እንደሚችል ተናግሯል። መወገዱን እየጠበቁ ቁልፍ ማደል እንዴት ጥንቃቄ ይባላል?

ችግሩ አዲስ ነው የሚሉም አሉ። ኖርም ሃርዲ የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1988 የጻፈውን አጭር ጽሑፍ ቢያነቡ ይህን አይሉም። በእሱ ታሪክ ውስጥ ያለው ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ኮምፓይለር ነው። ኮምፓይለሩ የአጠቃቀም መረጃ መመዝገብ ስለነበረበት ተራ ተጠቃሚ ሊጽፍበት በማይችልበት ማውጫ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ተሰጥቶት ነበር። የደንበኞች ሂሳብ የሚመዘገብበት ፋይልም እዚያው ማውጫ ውስጥ ነበር። አንድ ተጠቃሚ ውጤቱ እንዲጻፍለት የሚፈልግበትን ፋይል ሲጠየቅ የዚያን የሂሳብ ፋይል ስም ሰጠ፤ ኮምፓይለሩም ጻፈበት፣ ሂሳቡም ጠፋ። ተጠቃሚው ራሱ ያን ፋይል መንካት አይችልም ነበር። ሥልጣን የያዘ ታዛዥ አገልጋይ የሌላውን ፍላጎት በራሱ ሥልጣን ፈጸመለት። ኤምሲፒ በሚል አጭር ስም የሚታወቀውና አንትሮፒክ በኅዳር 2024 ገደማ ያስተዋወቀው ረዳቶችን ከሲስተሞች ጋር የማገናኛ ሥርዓትም ይህን ችግር ጠቅሶ ያስጠነቅቃል፤ ለሌላ አገልግሎት የተሰጠን ቶከን ተቀብሎ ማሳለፍንም ይከለክላል። መመሪያው ይህን እያለ ነው ሰዎች በአንድ ጠቅታ ሁሉን የሚያስረክቡት።

«ሞዴሎቹ እየበሰሉ ነው፤ ነገ አይታለሉም» የሚለው መልስ ብዙ ደጋፊ አለው። ነገር ግን በግንቦት 2025 ኢንቫሪያንት ላብስ የተባለ የደህንነት ኩባንያ ያሳየው ሙከራ የተሠራው በወቅቱ ከምርጦቹ ተርታ በሚመደብ ሞዴል ነው። የኮድ ማከማቻ በሆነው ጊትሃብ ላይ ማንም ሊጽፍበት በሚችል ገጽ አንድ መልእክት ተለጠፈ፤ ባለቤቱ ረዳቱን «የተለጠፉትን ተመልከትልኝ» አለው፤ ረዳቱም ከባለቤቱ የግል ማከማቻ ደመወዝ ሳይቀር አውጥቶ ሁሉም በሚያየው ቦታ አስቀመጠው። ባለቤቱ ሁለቱንም ማከማቻዎች የመክፈት ፈቃድ ነበረው፤ ረዳቱም ወረሰው። ያን ቀን የተሰጠው ሥራ ግን የግሉን ማከማቻ ጭራሽ አይፈልግም ነበር።

በሞዴሉ ብስለት መተማመን ለእኛ ደግሞ የባሰ ነው። የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት ጂፒቲ-4 በእንግሊዝኛ የሚከለክላቸውን ጥያቄዎች እንደ ዙሉና ጓራኒ ወዳሉ በኢንተርኔት ላይ ጽሑፋቸው ጥቂት ወደሆነ ቋንቋዎች ሲተረጉሟቸው በ79 በመቶዎቹ መከላከያውን ማለፍ ችለዋል። በእንግሊዝኛ የሚያልፈው 1 በመቶ እንኳ አልነበረም። አማርኛ በጥናቱ ውስጥ አልተካተተም፤ ምድቡ ግን ከእነዚያ ጋር ነው። ከዚያ ወዲህ ኩባንያዎቹ ብዙ እንደሠሩ አምናለሁ። ቢሆንም አዲስ አበባ ላለ ባንክ የሚደርሰው ቅሬታ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በላቲን ፊደል በተጻፈ አማርኛም ጭምር ነው። በእንግሊዝኛ ሰልጥኖ በእንግሊዝኛ የተፈተነ ማጣሪያ ይህን ሁሉ ይለያል ብሎ መፈረም ከባድ ኃላፊነት ነው። ዳታቤዝ ላይ የተዘጋ ሠንጠረዥ ግን ቋንቋ አይመርጥም። ጥያቄው በየትኛውም ቋንቋ ይምጣ፣ ፈቃድ የሌለው አያገኝም። ለእኛ ከማንም በላይ ይህኛው ጥበቃ የሚያዋጣን ለዚህ ነው።

አጥቂ ባይኖርም ነገሩ ይበላሻል። በሐምሌ 2025 አሜሪካዊው የቴክኖሎጂ ነጋዴ ጄሰን ሌምኪን ሬፕሊት በተባለ የፕሮግራም መሥሪያ አገልግሎት ላይ በሚሠራው ረዳት ፕሮግራም እያሠራ ነበር። ምንም ለውጥ እንዳይደረግ በግልጽ አዝዞታል። ረዳቱ ከ1,200 በላይ የኩባንያ ኃላፊዎች መረጃ ያለበትን በሥራ ላይ ያለ ዳታቤዝ አጠፋው፤ መልሶ ማግኘት እንደማይቻልም ነገረው፤ ኋላ ሲሞከር ተቻለ። የሬፕሊት ዋና ሥራ አስፈጻሚ አምጃድ ማሳድ ይቅርታ ጠይቀው ያሳወቁት እርምጃ የመሞከሪያውና የሥራው ዳታቤዝ ከእንግዲህ ተለያይተው እንዲቆሙ ማድረግን ነው። ትክክለኛው መድኃኒት ይኸው ነው። «አታጥፋ» የሚለው ትእዛዝ ከመነሻው ነበር፤ ያልነበረው ማጥፋት የማያስችል ቁልፍ ነው።

ሥልጣንን እንዲህ ለይቶ መስጠት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ሰው አዲስ አበባ ላለ ወንድሙ ጠቅላላ ውክልና ሲልክ ወንድሙ ቤቱን መሸጥ አይችልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2203 እና 2204 ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚያሠራ ይደነግጋል፤ ንብረቱን መጠበቅና መጠገን፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል ይቻላል። የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ ወይም ማስያዝ፣ ስጦታ ማድረግ፣ ክስ መመሥረት ግን በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ይፈልጋል። ሕጉ ወንድምን ሌባ ነው ብሎ አልጠረጠረም። ሊመለስ የሚችለውን ሥራ ከማይመለሰው ለየ፤ ለማይመለሰውም ተለይቶ የተጻፈ ፈቃድ ጠየቀ። ያውም ወኪሉ አድራሻ ያለው፣ ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው ነው። ለወንድማችን ያልሰጠነውን ሥልጣን ፍርድ ቤት ለማይቀርብ ፕሮግራም በአንድ ጠቅታ መስጠታችን በምን ይደገፋል?

«ሰው እያጸደቀ ይሥራ» የሚለው አሳብ ይሻላል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ረዳቱ ለእያንዳንዱ እርምጃ ፈቃድ ሲጠይቅ ሠራተኛው ጠዋት የመጀመሪያዎቹን በጥንቃቄ ያነባል፤ ከሰዓት በኋላ ሳያይ ይጫናል። ደግሞ የሚታየው ብዙ ጊዜ ሊያነበው የማይችለው ኮድ ነው። ማጽደቅ ዋጋ የሚኖረው ሲያንስና ለማይመለሱ ነገሮች ሲቀመጥ ነው፤ ገንዘብ ሲተላለፍ፣ መዝገብ ሲጠፋ፣ ጽሑፍ ከድርጅቱ ሲወጣ። ያን ጊዜም ለማን፣ ምን ያህል፣ የትኛው የሚለው በሰው ቋንቋ ይጻፍለት።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የተጠያቂነት ጉዳይ ነው፤ ስለ እሱ የሚናገር ሰው የምሰማው ጥቂት ነው። ረዳቱ በሠራተኛዋ ስም ከሠራ የሲስተሙ መዝገብ የሚለው «እገሊት አጠፋችው» ነው። ኦዲተር ሲመጣ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሲቀመጥ፣ ማስረጃው በእሷ ላይ ይቆማል። እሷም ያላደረገችውን አላደረግሁም ብላ የምታሳይበት ነገር የላትም። በተቃራኒውም፣ ያጠፋ ሰው «ረዳቱ ነው» ብሎ ሊያመልጥ ይችላል። ረዳቱ የራሱ አካውንት፣ የራሱ ስምና የራሱ የእንቅስቃሴ መዝገብ ሊኖረው የሚገባው በመጀመሪያ ለሠራተኛው ሲባል ነው። በድርጅቱ በኩል ደግሞ ማምለጫ የለም። ኤር ካናዳ የድረ ገጹ ቻትቦት ለአንድ ሐዘንተኛ መንገደኛ የሰጠው የተሳሳተ መልስ እንደማይመለከተው፣ ቻትቦቱ ለራሱ ድርጊት ራሱ ኃላፊ እንደሆነ ተከራክሮ ነበር። በየካቲት 2024 የካናዳዋ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት የፍትሐ ብሔር ክርክሮች ጉባኤ ክርክሩን ውድቅ አድርጎ ከ800 የካናዳ ዶላር በላይ አስከፍሎታል። በእኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ኃላፊነቱን የሚያሸክመው ዳታውን በሚቆጣጠረው ተቋም ላይ ነው።

ቁልፉ ለዘለቄታው ክፍት ሆኖ መቀመጡም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። በነሐሴ 2025 ድሪፍት የተባለውን የሴልስሎፍት ኩባንያ ቻት አገልግሎት የደንበኞች መዝገብ ከሚያዝበት ከሴልስፎርስ ጋር የሚያገናኙት ቶከኖች ተሰረቁ፤ ከ700 የሚበልጡ ድርጅቶች የደንበኛ መረጃ ተጋለጠ። እንደ ክላውድፍሌርና ፓሎ አልቶ ኔትወርክስ ያሉ ሥራቸው ደህንነት የሆነ ኩባንያዎች ከተጎጂዎቹ መካከል ነበሩ። ክላውድፍሌር በተወሰደው መረጃ ውስጥ 104 የራሱን ቶከኖች አግኝቶ ቀይሯል። እዚህ ላይ ማንም ሞዴልን አላታለለም። ለአንድ የቻት አገልግሎት የተሰጠ ሰፊና ዘላቂ ፈቃድ ሌላ ሰው እጅ ገባ፣ በቃ።

«እንዲህ ካሰርከው ምን ይጠቅማል?» ይሉኛል። ሰዎች ረዳቱን በሥራ ቦታ የሚጠይቁትን ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህን አይልም። የትኛው ዕቃ እያለቀ ነው? የየትኛው ደንበኛ ክፍያ ዘገየ? ባለፈው ወር የትኛው ቅርንጫፍ ቀነሰ? አብዛኛው ማንበብ ብቻ ነው፤ ስልክ ቁጥርና መታወቂያ ቁጥር ቢነሳለት መልሱ አይለወጥም። የሚጻፍ ነገር ሲኖር ረዳቱ ረቂቁን ያዘጋጅ፣ ሰው ይላከው። የውጭ ኢሜይል የሚያነበው ረዳት የደመወዝ መዝገቡን አይንካ፤ የደመወዝ መዝገቡን የሚያየው ወደ ውጭ ምንም አይላክ። ቁልፉ ለሥራው ተሰጥቶ ሥራው ሲያልቅ ይሙት።

የትናንሽ ድርጅቶችን ተቃውሞ ግን በአክብሮት ነው የምሰማው። ሦስትና አራት ሰው ያለበት፣ አንድ የአድሚን ፓስወርድ ሁሉም የሚያውቀው ቢሮ ይህን ሁሉ በማን ያሠራል? ለእነሱ የምለው ከተቻለ ጀምሩ ነው። በፖስትግሬስም ሆነ በማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ማንበብ ብቻ የሚችል፣ የተመረጡ ዓምዶችን ብቻ የሚያይ ተጠቃሚ መፍጠር የጥቂት መስመር ሥራ ነው። ካልተቻለ ረዳቱን ከሲስተሙ ጋር አታገናኙት፤ የሚያስፈልገውን ሪፖርት ስም አውጥታችሁ በፋይል ስጡት። ትንሽ ይዘገያል፤ ደንበኛችሁ ግን አይጋለጥም።

ትልልቆቹ ደግሞ በጨረታ ሰነዳቸው ውስጥ አንድ ፈተና ያስገቡ። አቅራቢው በኮሚቴው ፊት ረዳቱን ያገናኝ፤ ከኮሚቴው አንዱ በተራ ደንበኛ ስም፣ በአማርኛ፣ የሌሎችን ደንበኞች ሂሳብ አውጣ የሚል መመሪያ ያለበት ቅሬታ ያስገባ። ረዳቱ እምቢ ማለቱን ብቻ አይተው አይለፉ፤ ነገ በሌላ አጻጻፍ እሺ ሊል ይችላል። ያው ጥያቄ በረዳቱ ቁልፍ በቀጥታ ወደ ዳታቤዙ ይላክና የሚመጣው መልስ ይታይ። መዝገቡ ከወጣ፣ አቅራቢው ስለ ሞዴሉ ብልህነት ምንም ያህል ቢያስረዳ ኮሚቴው አይፈርም።